ያለ ማውስ ፕሮግራም መጻፍ፦ «ቪም»ን ለሥራ ማሰናዳት

እንደምታውቁት በኮምፒዩተር ክፍላችን ለአንድ ተማሪ በሳምንት የሚደርሰው ሁለት ሰዓት ብቻ ነው። በዚያ ላይ መብራቱ ሳይታሰብ ይጠፋል፤ ማሽኖቹ ያረጁ ናቸው፤ ማውሶቹም ከአቧራው የተነሣ ገሚሶቹ አይታዘዙም። የፓይተን ትምህርት የጀመሩ ወጣቶች ታዲያ አንድ ጥያቄ ደጋግመው ያቀርቡልናል። በከተማ ያሉ ተማሪዎች የሚሠሩባቸውን ትልልቅ የፕሮግራም መጻፊያዎች በእነዚህ ማሽኖች ላይ መጫን አይቻልም ወይ? ይሉናል። መጫኑስ ይቻል ይሆናል። ነገር ግን የማሽኖቹ ራም አነስተኛ በመሆኑ ፕሮግራሙ ተከፍቶ ለሥራ እስኪደርስ ድረስ ከተማሪው ሰዓት ላይ ብዙ ደቂቃ ይበላል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሁሉም እንደገና ከመጀመሪያው ነው።

በዚህ ጽሑፍ ሌላ መንገድ እናሳያለን። «ቪም» የሚባለው ኤዲተር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በኪቦርድ የሚታዘዝ፣ በአሮጌ ማሽን ላይም ወዲያው የሚከፈት፣ ክፍያ የማይጠየቅበት ፕሮግራም ነው። ኤዲተር ማለት ጽሑፍ ለመጻፍ፣ ለማረምና ለማስቀመጥ የሚያገለግል መሣሪያ ነው። ፊደል ማድመቅ፣ ማስመርና ማስዋብ ሥራው አይደለም፤ ያ የወርድና የመሰሎቹ ሥራ ነው። አንድ ደብዳቤ ብቻ ጽፎ ለመሄድ የሚፈልግ ሰው ቪምን ለመማር መድከም የለበትም እንላለን፤ «ናኖ» የተባለው ቀላል ኤዲተር ይበቃዋል። ፕሮግራም መጻፍን ሙያዬ ብሎ የያዘ ሰው ግን ጥቂት ሳምንት ቢቸገርበትም የሚከፍለው መሣሪያ ይህ ነው።

ጋዜጣችን በፊደላችን ብቻ የሚታተም ስለሆነ የቁልፎቹን ስም እንደምንጠራቸው እንጽፋለን። «ዲ ደብልዩ» ስንል በኪቦርዱ ላይ ያሉትን ሁለቱን የላቲን ቁልፎች ተከታትላችሁ ትነካላችሁ ማለታችን ነው፤ በመካከላቸው ክፍት ቦታ የለም። «ትልቁ ጂ» ስንል ሺፍትን ይዛችሁ ነው። ትክክለኛው የላቲን አጻጻፍ በክፍሉ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል።

ከየት መጣ?

የቪም አባት «ቪአይ» የተባለው ኤዲተር ነው። ቢል ጆይ የተባለ አሜሪካዊ በካሊፎርኒያ፣ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ በ1976 እ.ኤ.አ. የጀመረው ሥራ ነው። ያን ጊዜ ይሠራ የነበረው በቤቱ በተቀመጠ ተርሚናልና በስልክ መስመር ሲሆን፣ መስመሩ በሴኮንድ ሠላሳ ያህል ፊደል ብቻ የሚያሳልፍ ነበር። አንዲት ፊደል እንኳ ጊዜ ስለምትወስድ ትእዛዞቹ ሁሉ አንድና ሁለት ፊደል ሆነው ቀሩ። ተርሚናሉ ኤዲኤም-3ኤ የሚባል ዓይነት ነበር፤ ለጠቋሚው የተለዩ ቁልፎች ስላልነበሩት ቀስቶቹ የተሳሉት በኤች፣ በጄይ፣ በኬይና በኤል ቁልፎች ላይ ነው። ዛሬ ተማሪዎቻችን «ለምን በእነዚህ ፊደላት እንንቀሳቀሳለን?» ሲሉ መልሱ ይኸው ነው። በቀርፋፋ መስመር የተወለደ መሣሪያ በመሆኑ፣ በስልክ ኢንተርኔት ሩቅ አገር ካለ ኮምፒዩተር ጋር ተገናኝቶ ለመሥራትም እስከ ዛሬ ይመቻል።

ቪምን የሠራው ብራም ሞሌናር የተባለ የኔዘርላንድስ ሰው ነው። ለሕዝብ ያወጣው በ1991 እ.ኤ.አ. ነበር። ይህ ሰው በ1994 እ.ኤ.አ. ወደ አካባቢያችን መጥቶ በደቡብ ኡጋንዳ፣ ኪባሌ በተባለው ስፍራ በሚገኝ የሕፃናት ማእከል ውስጥ በውሃና በንጽሕና ሥራ አገልግሏል። በአካባቢው በኤድስ ምክንያት ወላጆቻቸውን ያጡ ልጆች ብዙ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ቪምን በነጻ እየሰጠ፣ «የምትከፍሉት ካላችሁ ለእነዚህ ልጆች ስጡ» ይል ነበር። ፕሮግራሙ ሲከፈት በኡጋንዳ ያሉ ችግረኛ ልጆችን እንድንረዳ የሚጠይቅ መልእክት ለብዙ ዓመታት ያሳይ የነበረውም ስለዚህ ነው። ሞሌናር በነሐሴ ወር 2023 እ.ኤ.አ. አርፏል። ሥራውን ሌሎች ተረክበው ቀጥለዋል።

ሁለቱ ሁኔታዎች

ቪምን ለመጀመሪያ ጊዜ የከፈተ ሰው የሚደናገጠው የጻፈው ፊደል ስክሪኑ ላይ ሳይታይ ሲቀር ነው። ምክንያቱም ቪም ሲከፈት በትእዛዝ ሁኔታ ላይ ነው። በዚህ ሁኔታ ፊደሎቹ ጽሑፍ ሳይሆኑ ትእዛዞች ናቸው። ለመጻፍ «አይ» የሚለውን ትነካላችሁ፤ ከታች የመጻፊያ ሁኔታ ላይ እንዳላችሁ የሚገልጽ ቃል ይታያል። መጻፉን ስትጨርሱ «ኤስኬፕ» ቁልፍን ነክታችሁ ወደ ትእዛዝ ትመለሳላችሁ። በክፍላችን በአንዳንዶቹ ኪቦርዶች ላይ ኤስኬፕ የሞተ ስለሆነ «ኮንትሮል»ን ይዛችሁ የማዕዘን ቅንፍ መክፈቻውን «[» ብትነኩ ያው ነው።

ለማስቀመጥ «:ደብልዩ»፣ ለመውጣት «:ኪው»፣ አስቀምጦ ለመውጣት «:ደብልዩኪው»፣ የተለወጠውን ሳያስቀምጡ ለመውጣት «:ኪው!»። ከእያንዳንዱ በኋላ ኤንተር አለ። «ከቪም እንዴት ይወጣል?» የሚለው ጥያቄ በፕሮግራም ሠሪዎች ዘንድ በዓለም ሁሉ የታወቀ ቀልድ ሆኗል፤ እናንተ ግን እነዚህን አራቱን በቃላችሁ ያዙ።

ካፕስ ሎክ በርቶ እንደሆነ ተጠንቀቁ። ትንሿ ጄይ ወደ ታች ስታወርድ ትልቋ ጄይ ሁለት መስመሮችን ታጋጥማለች። ነገሩ ሁሉ የተበላሸ ሲመስላችሁ መጀመሪያ ካፕስ ሎክን አጥፉ፤ ቀጥሎ ኤስኬፕ፤ ከዚያ «ዩ»ን ነካ ነካ አድርጉ። «ዩ» የመጨረሻውን ሥራ ይመልሳል። ከሚገባው በላይ ከመለሳችሁ «ኮንትሮል አር» ወደፊት ያመጣዋል።

ትእዛዝ እንደ ሰዋስው

ቪም የሚያስቸግረው ትእዛዞቹን አንድ በአንድ ለመሸምደድ ለሚሞክር ሰው ነው። ትእዛዞቹ ግን ልክ እንደ ቋንቋ ግስና ተሳቢ አላቸው። በአማርኛ ግሱ መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ በቪም ግን ግሱ ይቀድማል። «ዲ» ማለት አጥፋ፣ «ሲ» ማለት አጥፍተህ ለውጥ፣ «ዋይ» ማለት ቅዳ ነው። «ደብልዩ» እስከ ሚቀጥለው ቃል መጀመሪያ፣ «$» እስከ መስመሩ መጨረሻ፣ «ትልቁ ጂ» እስከ ፋይሉ መጨረሻ ነው። እንግዲህ «ዲ ደብልዩ» አንድ ቃል ያጠፋል፤ «ዲ $» የቀረውን መስመር ያጠፋል፤ «ሲ ደብልዩ» ቃሉን አጥፍቶ አዲስ እንድትጽፉ ይተዋችኋል። ግሱ ሲደገም መስመሩን በሙሉ ይይዛል፦ «ዲ ዲ» መስመር ያጠፋል፣ «ዋይ ዋይ» መስመር ይቀዳል፣ «ፒ» የተቀዳውን ወይም የጠፋውን ከታች ያስቀምጣል። ቁጥር ከፊት ይገባል፤ «3 ዲ ዲ» ሦስት መስመር ነው።

ለፕሮግራም ሠሪ በጣም የሚጠቅመው «ውስጥ» የሚለው ነው። ጠቋሚው በቅንፍ ውስጥ ሳለ «ሲ አይ (» ብትሉ በቅንፉ ውስጥ ያለው ሁሉ ጠፍቶ ለመጻፍ ዝግጁ ይሆናል። በጥቅስ ውስጥ ላለ ጽሑፍም «ሲ አይ "» ነው። ከዚያ ሌላ ቦታ ሄዳችሁ ነጥቧን «.» ብትነኩ ቀድሞ ያደረጋችሁትን ለውጥ እዚያም ትደግማለች። እኛ ከሁሉ አስቀድመን ተማሪ እንዲለምዳት የምንፈልገው ይህችን ነጥብ ነው፤ ማውስ በእጁ ያለ ሰው በዚህ ሥራ አይቀድማችሁም።

ፓይተን ስህተት ሲያገኝ የመስመሩን ቁጥር ይናገራል። በ14ኛው መስመር ላይ ስህተት አለ ካለ «14» ብላችሁ «ትልቁ ጂ»ን ስትነኩ እዚያው ትደርሳላችሁ። ቅንፍ መዝጋት ረስታችሁ እንደሆነ ጠቋሚውን ቅንፉ ላይ አድርጋችሁ «%» ብትነኩ ወደ አቻው ይዘላል፤ የማይዘል ከሆነ አቻ የለውም ማለት ነው።

ማሽን በእጃችሁ በማይኖርበት ቀን እነዚህን በካርቶን ላይ ጽፋችሁ «ይህን ስህተት ለማረም ምን ምን እነካለሁ?» እያላችሁ ተለማመዱ። በክፍሉ ስትገቡ ደግሞ በተርሚናሉ ላይ «ቪምቲዩተር» ብላችሁ ጻፉ። ሠላሳ ደቂቃ ያህል የሚወስድ ትምህርት ይከፈታል፤ የምትሠሩበት ቅጂ ስለሆነ ብታበላሹትም ግድ የለም።

የራሳችሁ ማሰናጃ ፋይል

ቪም ሲከፈት በቤት ማውጫችሁ ውስጥ «.ቪምአርሲ» የሚባል ፋይል ይፈልጋል። ስሙ በነጥብ ስለሚጀምር በተለመደው ዝርዝር ውስጥ አይታይም። በውስጡ የጻፋችሁት ሁሉ በየጊዜው ይፈጸማል። የክፍላችን ፋይል ይህ ነው፦

ረንታይም ዲፎልትስ.ቪም
ሴት ነምበር
ሴት አውቶኢንደንት
ሴት ኤክስፓንድታብ
ሴት ሺፍትዊድዝ=4
ሴት ሶፍትታብስቶፕ=4
ሴት ኢንኮዲንግ=ዩቲኤፍ-8
ሴት አንዱፋይል
ማፕ <ኤፍ5> :ደብልዩ<ሲአር>:!ፓይተን3 %<ሲአር>

«ሴት» ያልነው የእንግሊዝኛው ቃል ነው፤ አድርግ፣ ደንግግ ማለት ነው እንጂ የአማርኛው ሴት አይደለችም። በክፍል ውስጥ ብዙ ሳቅ ስላስነሣ እዚህ መግለጹ ይሻላል።

የመጀመሪያው መስመር አይቅር። ሰው የራሱን ማሰናጃ ሲጽፍ ቪም ከራሱ ጋር ይዞት የሚመጣውን ዝግጅት ይተወዋል፤ ያ መስመር መልሶ ያመጣዋል። የፕሮግራሙን ቃላት በቀለም የሚለየውም እሱ ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላ ቀለም ካልመጣ በማሽኑ ላይ ያለው ትንሹ ቪም ሊሆን ይችላል። ዴቢያንና ኡቡንቱ ብዙ ጊዜ ይዘው የሚመጡት የተቀነሰውን ነው፤ ሙሉው በፍላሽ መጥቶ መጫን አለበት።

ሁለተኛው መስመር ቁጥር ይሰጣል። ቀጥለው ያሉት አራቱ የመስመርን መግቢያ ይጠብቃሉ። በፓይተን የመስመር መግቢያ ጌጥ ሳይሆን ትርጉም ነው፤ የትኛው መስመር በየትኛው ሥር እንዳለ የሚታወቀው በእሱ ነው። አንዱ በታብ፣ ሌላው በክፍት ቦታ ተቀላቅሎ ሲጻፍ ለዓይን ተስተካክሎ ቢታይም ፓይተን 3 አልሠራም ሊል ይችላል። እነዚህ መስመሮች ታብ በነካችሁ ቁጥር አራት ክፍት ቦታ እንዲገባ ያደርጋሉ።

የመጨረሻው መስመር ሥራውን ሁሉ በአንድ ቁልፍ ያጠቃልላል። ኤፍ5 ሲነካ ፋይሉ ይቀመጣል፣ ፓይተን ይነሣል፣ ውጤቱ ይታያል፣ ኤንተር ስትነኩ ወደ ጽሑፋችሁ ትመለሳላችሁ። «%» የምትለዋ የተከፈተው ፋይል ስም ምትክ ናት። ስለዚህ ለፋይላችሁ ክፍት ቦታ ያለበት ስም አትስጡ። ትልልቆቹ መጻፊያዎች በአዝራር የሚያደርጉት ዋናው ነገር ይኸው ነው።

መብራት ሲጠፋ

ቪም በምትጽፉበት ጊዜ በጎን «ስዋፕ» የተባለ ድብቅ ፋይል ይይዛል። ሁለት መቶ ፊደል በጻፋችሁ ቁጥር፣ ወይም እጃችሁን አንሥታችሁ አራት ሴኮንድ ሲያልፍ፣ የጻፋችሁትን እዚያ ያኖራል። ስለዚህ መብራት ቢጠፋ ብዙ ጊዜ የምታጡት የመጨረሻዎቹን ጥቂት ቃላት ብቻ ነው።

መብራቱ ሲመለስ ያንኑ ፋይል ክፈቱ። ማሳሰቢያ የሚል ረጅም ጽሑፍ ይወጣል። ብዙዎች ይህን ሲያዩ ደንግጠው ወይም «ዲ»ን ነክተው ይገላገላሉ፤ «ዲ» ግን የስዋፑን ፋይል ስለሚያጠፋ የዳነው ሥራ አብሮ ይሄዳል። የምትነኩት «አር»ን ነው፤ መልስ ማለት ነው። ከዚያ ጽሑፉን ከላይ እስከ ታች አንብቡ፣ የተሟላ ከሆነ «:ደብልዩ» ብላችሁ አስቀምጡና ውጡ። ፋይሉን እንደገና ስትከፍቱ ማሳሰቢያው ይመጣል፤ «ዲ» የሚነካው አሁን ነው። ማሳሰቢያው ፕሮግራሙ አሁንም በሥራ ላይ እንደሆነ የሚናገር ከሆነ ግን ፋይሉ በሌላ መስኮት ተከፍቷል ማለት ስለሆነ «ኪው» ብላችሁ ውጡና ያንን ፈልጉ።

ይህ የሚሠራው ፋይሉን ከመጀመሪያው በስሙ ለከፈተ ሰው ነው። ስም ሳይሰጡ ጽፎ በኋላ አስቀምጣለሁ ማለት መፈለግን ያበዛል። በፍላሽ ላይ በቀጥታ ከመሥራትም በማሽኑ ላይ ሠርታችሁ በመጨረሻ ወደ ፍላሽ መገልበጥ ይሻላል፤ የስዋፑ ፋይል የሚቀመጠው ከዋናው ፋይል አጠገብ ስለሆነ ፍላሹ ከተነቀለ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ።

«አንዱፋይል» የሚለው መስመር ደግሞ ፋይሉን ዘግታችሁ በሚቀጥለው ሳምንት ብትከፍቱ እንኳ በ«ዩ» ወደኋላ መመለስ እንድትችሉ ያደርጋል። ጥቅሙ ትልቅ ነው፤ ነገር ግን ማሽኖቹ የጋራ መሆናቸውን አትርሱ። የስዋፑም ሆነ የዚህ ፋይል በውስጣቸው የጻፋችሁትን፣ የሰረዛችሁትንም ጭምር ይይዛሉ። የግል ጉዳይ፣ የማመልከቻ ወይም የይግባኝ ጽሑፍ በቪም የሚጽፍ ሰው ሲጨርስ እነዚህን ድብቅ ፋይሎች ከማሽኑ ላይ ያጥፋ። እንዴት እንደሆነ የክፍሉን ኃላፊ ብትጠይቁ ያሳያችኋል፤ ምን እንደጻፋችሁ አይጠይቅም።

ስለ ፊደላችን

በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የአማርኛ ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው የፊደል ቁጥር ስለነበራቸው በአንዱ የተጻፈ በሌላው አይነበብም ነበር። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ በተባለው የጋራ ሥርዓት ውስጥ ከገባ ወዲህ ግን ቪምም ፓይተንም ያውቁታል። ፓይተን 3 ለቁጥሮችና ለሥራዎች የምንሰጠውን ስም በአማርኛ እንድንጽፍ ይፈቅዳል። እነሆ፦

ጀሪካን = 20
ጉዞ = 3
ቤተሰብ = 6
ድርሻ = ጀሪካን * ጉዞ / ቤተሰብ
ፕሪንት(ድርሻ)

«ፕሪንት» የፓይተን የራሱ ቃል ስለሆነ በላቲን ይጻፋል፤ የቀሩት በፊደላችን ናቸው። ኤፍ5 ስትነኩ 10.0 ይላል፤ ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ይዞ ሦስት ጊዜ ተመላልሶ ለስድስት ሰው ለእያንዳንዱ አሥር ሊትር ማለት ነው።

ሁለት ነገር ግን ያስቸግራል። አንደኛ፣ ኪቦርዱ በአማርኛ ላይ ሳለ ኤስኬፕ ነክታችሁ «ዲ ዲ» ብትሉ ቪም የሚደርሰው የአማርኛ ፊደል ስለሆነ ትእዛዙ አይገባውም። ከመጻፊያ ሁኔታ ስትወጡ ኪቦርዱን ወደ ላቲን መልሱ፤ ይህ እጅ እስኪለምደው አሰልቺ ነው። «ኢማክስ» የተባለው ሌላው ታዋቂ ኤዲተር ፊደላችንን በላቲን ቁልፎች የሚጽፍበት መንገድ በውስጡ ስላለው በዚህ በኩል ይሻላል። ቪምን የመረጥነው ቀለል ስለሚልና ቪአይ ወይም አምሳያው በአብዛኛው የሊኑክስ ማሽን ላይ ስለሚገኝ ነው።

ሁለተኛው የራሳችን ጣጣ ነው። ለእኛ «ሥራ»ና «ስራ» አንድ ናቸው፤ ለፓይተን ግን ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው። በላይኛው መስመር «ሠራተኛ» ብሎ ሰይሞ በታችኛው «ሰራተኛ» ብሎ የጠራ ሰው ስሙ አይታወቅም የሚል ስህተት ይመጣበታል፤ ዓይኑ ልዩነቱን ስለማያይም ግማሽ ሰዓት ሊያጠፋ ይችላል። ሀ፣ ሐና ኀ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀም እንደዚሁ ናቸው። ቪም በሁለት መንገድ ይረዳል። ጠቋሚውን ስሙ ላይ አድርጋችሁ «*» ብትነኩ ወደሚቀጥለው ተመሳሳይ ስም ይዘላል፤ የምትጠብቁትን ዘልሎ ካለፈ አጻጻፉ ይለያል ማለት ነው። ከዚህ የሚሻለው ግን አለመሳሳት ነው፤ በመጻፊያ ሁኔታ የስሙን መጀመሪያ ጽፋችሁ «ኮንትሮል ኤን» ብትነኩ ቪም በፋይሉ ውስጥ አስቀድሞ ያለውን ስም ራሱ ይጨርስላችኋል።

በፋይሉ ውስጥ ያለውን አጻጻፍ በአንድ ጊዜ ለማስተካከል «:%ኤስ/ሠራተኛ/ሰራተኛ/ጂሲ» ይባላል። መጨረሻ ላይ ያለችው «ሲ» በእያንዳንዱ ቦታ «ልለውጥ ወይ?» ብላ ታስጠይቃለች፤ «ዋይ» እሺ፣ «ኤን» አይሆንም ነው።

መልመጃ

ከላይ ያለውን የጀሪካን ፕሮግራም ጻፉና አራት፣ ስድስትና ዘጠኝ ሰዎች ላሏቸው ሦስት ቤተሰቦች የየሰዉን ድርሻ እንዲናገር አድርጉት። መስመሮቹን እንደገና አትጻፉ፤ «ዋይ ዋይ»ንና «ፒ»ን፣ ለለውጡም «ሲ ደብልዩ»ንና ነጥቧን ተጠቀሙ። ከዚያ ሳታስቀምጡ አምስት ሴኮንድ ቆይታችሁ የተርሚናሉን መስኮት በኃይል ዝጉት፤ ፋይሉን መልሳችሁ ክፈቱና ሥራችሁን በ«አር» አውጡ። ስንት ቁልፍ እንደነካችሁ ቆጥራችሁ ከፋይሉ ጋር ለክፍሉ ኃላፊ ስጡ፤ ባነሰ ቁልፍ የሠሩትን መልሶች በሚቀጥለው እትም እናወጣለን።